የ11 ዓመት ልጄ ቫይታሚን ዲ 13 ሆኖ ተገኘ፣ ለልቡ ያሰጋዋል?

እናት ከሰሚት

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ48፣ ኪሎው 62። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፣ ደረጃውን ሲወጣ ሁለተኛው ላይ ቆሞ ያለከልካል። በፊት ዘመድ ሁሉ "ምን እያበላሽው ነው፣ እንዴት ያምራል" ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ደም ተመረመረ፣ ቫይታሚን ዲው 13 ነው፣ ዝቅ ብሏል ተባለ። ደም ግፊቱም ለዕድሜው ከፍ ብሏል። ወረፋው ብዙ ስለነበር በደንብ ሳይብራራልኝ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ሳነብ ቫይታሚን ዲ ያነሰው ሰው ለልብ በሽታ ይጋለጣል የሚል አየሁና እንቅልፍ አጣሁ። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ትታው የሄደችው 50,000 ዩኒት የሚል የቫይታሚን ዲ ክኒን ቤት ውስጥ አለ። በየቀኑ ልስጠው? ልቡን ይጠብቅለታል? ደግሞ የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር፣ ሕፃን ሆኖ በየቀኑ ፀሐይ ያሞቅኩት ልጅ እንዴት የፀሐይ ቫይታሚን ያንሰዋል?

የሦስት ልጆች አባት

እህቴ እባክሽ እሱን ክኒን በየቀኑ እንዳትሰጪው! እናቴ በሳምንት አንዴ የተባለችውን 50,000 ተሳስታ በየቀኑ ስትወስድ ቆይታ ማስታወክ፣ ድርቀት፣ የማይቆም የውኃ ጥም መጣባት። ካልሲየሟ ወጥቶ ኩላሊቷ ተጎድቶ ነበር፣ ተኝታ ነው የታከመችው። ቫይታሚን ስለሆነ ትርፉ በሽንት ይወጣል ብለን ነበር። ይሄኛው አይወጣም።

የሕፃናት ሐኪም

ሰላም። ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፣ ክኒኑን ያስቀምጡት። 50,000 ለሕክምና ሲታዘዝ በሳምንት አንዴ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ፣ ሐኪም እየተከታተለው ነው። ከ9 ዓመት በላይ ያለ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4,000 ዩኒት ማለፍ የለበትም። ለጤነኛ ልጅ የሚመከረው 600 ነው።

የፀሐዩ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። አዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባለ ገጠር ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከ10ሩ ልጆች 4ቱ ገደማ እጥረት ነበረባቸው። የከተማዎቹን ለብቻ ስታዩ ከ10ሩ 6፣ የገጠሮቹን ደግሞ ከ10ሩ 2። ፀሐይዋ አንድ ናት፣ ከሥሯ የሚውለው ልጅ ነው የተለየው። በዚያው አካባቢ በተደረገው ጥናት ላይ እጥረቱ ከውፍረት ጋር አብሮ እንደሚሄድም ታይቷል።

ለምን አብሮ ይሄዳል? ቫይታሚን ዲ ስብ ውስጥ የሚሟሟ ነው። ሰውነት ሲገዝፍ ያው መጠን በሰፊ ቦታ ይበተናል፣ ደም ውስጥ የሚቀረው ያንሳል። ስለዚህ የእርስዎ ልጅ ከቀጭን ጓደኛው እኩል ፀሐይ ቢሞቅም ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ሲታከምም ከ2 እስከ 3 እጥፍ ሊያስፈልገው ይችላል። መጠኑን ሐኪም ይወስን የምንለው ለዚህ ነው። በሕፃንነቱ የሞቀው ፀሐይ ዛሬ የለም፣ ክምችቱ ቢበዛ የወራት ነው። በመስታወት የሚገባው ፀሐይ ደግሞ ያሞቃል እንጂ ቫይታሚኑን አይሠራም። ጥላው ከቁመቱ በሚያጥርበት ሰዓት፣ እጁና እግሩ ተገልጦ ውጭ ቢጫወት ነው የሚጠቅመው።

አሁን ወደ ልቡ። ቫይታሚን ዲ ያነሳቸው ልጆች ግፊትና ስኳር የሚበዛባቸው መሆኑ እውነት ነው። ግን ቤት የሚውል፣ የማይሮጥ፣ ለስላሳ የሚያበዛ ልጅ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያመጣል። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ወለደው ለማለት አይበቃም። አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ ከ10 እስከ 18 ዓመት የሆኑ፣ ኪሎ የበዛባቸውና ቫይታሚን ዲ ያነሳቸው 225 ልጆች ለ6 ወር በቀን 600፣ 1,000 ወይም 2,000 ዩኒት ተሰጥቷቸው በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታትሟል። የደም ሥራቸው አሠራርም ኮሌስትሮላቸውም አልተለወጠም። ከፍ ያለውን መጠን የወሰዱት ግን ግፊታቸውና የጾም ስኳራቸው ሻል ብሏል። በአዋቂዎች ላይ ከ25,000 በላይ ሰው በተሳተፈበት የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በቀን 2,000 ዩኒት የልብ ድካምንም ስትሮክንም አልቀነሰም። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ እጥረቱ ይታከም፣ አጥንቱ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ለልቡ ግን ክኒኑን ዋስትና አያድርጉት።

ለልቡ የሚያስፈልገው ግፊቱ በሌላ ቀን፣ ደጋግሞ መለካቱ ነው። ክንዱ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ለክንዱ ከጠበበ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርገዋልና ሰፋ ባለው እንዲለኩት ይጠይቁ፣ አይፈሩ። የጾም ስኳር፣ ኮሌስትሮልና የጉበት ምርመራም ይደረግ። አንገቱ ላይ እንደ እድፍ የጠቆረ ቆዳ ካለ ለሐኪሟ ይንገሯት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንዲያውም ከሁሉ የሚያስቸኩለኝ እሱ ነው። በዚህ ዕድሜ ኪሎ የበዛበት ልጅ ጉልበቴን ሲል ችግሩ ዳሌው ላይ ሊሆን ይችላል፣ የጭኑ አጥንት ጫፍ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። የሚያነክስ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳይሉ የዳሌ ራጅ ይነሳ፣ እስከዚያ ድረስ አይሩጥ፣ ደረጃም አይመላለስ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

የኔ ልጅ በ12 ዓመቷ እንዲሁ ነበረች። እዚህ አሜሪካ ወተት ላይ ቫይታሚን ዲ ይጨመራል፣ እሷ ግን ወተት አትወድም፣ ክረምቱ ደግሞ ረጅም ነው። የታዘዘላትን ከምሳ ጋር፣ ዘይት ካለበት ምግብ ጋር ሰጠኋት፣ በ3 ወር ከ15 ወደ 31 ገባ። ግፊቷ ግን ፍንክች አላለም። የወረደው ጁስና ለስላሳ ከቤት አውጥተን ማታ ማታ አብረን መራመድ ከጀመርን በኋላ ነው፣ ያውም በስንት ወሩ። እንጀራችን፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ችግር አልነበረውም፣ ከላይ የሚጨመረው ነበር።

እህቴ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለብቻው ምግብ አትቀንሺበት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይቀይር። እኛ ቤት አጎቷ "ድብልብሏ" እያለ ሲጠራት እሷ ገበታ መቅረብ ተወች፣ ሌሊት ተደብቃ ትበላ ነበር። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ።

እናት ከሰሚት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዶክተር፣ አንገቱ ላይ ያሉት ነገር አለ። እድፍ መስሎኝ በየሳምንቱ በሳሙና እየፈተግኩ እቆጣው ነበር፣ ልጄ "እማዬ ታጥቤያለሁ" እያለ ያለቅስ ነበር። ሳነበው አለቀስኩ።

እግሩን ሳየው ትንሽ ይጎትታል። ኳስ ሲጫወት ወድቆ መስሎኝ ነበር። ያየው ሐኪም ጋ ነገ መመለስ ይሻላል ወይስ አጥንት ሐኪም ልፈልግ?

የሕፃናት ሐኪም

ነገ አይጠብቁ፣ አሁኑኑ ራጅና አጥንት ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሁለቱም ዳሌ በፊትና በጎን ይነሳ ይበሏቸው። ያን እግሩን እንዳይረግጥበት ተሸክመው ያውርዱት፣ አራተኛ ፎቅ ነውና ጎረቤት ይጥሩ። ቫይታሚኑና ግፊቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። ስለ አንገቱ አይዘኑ፣ ኢንሱሊን ሲበዛ የሚመጣ ነው፣ ኪሎው ሲስተካከል እየደበዘዘ ይሄዳል። ራጁ ምን እንዳለ እዚሁ ይጻፉልኝ።