የ1940ዎቹ አልሙኒየም ቲርድሮፕ ገዛሁ፤ ልወልውለው ወይስ ልግፈፈው?

የአውሮራው፦

ሰላም ለሁላችሁም። ኮሎራዶ ነኝ። ከአውሮራ ወደ ካንሳስ በሚወስደው መንገድ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ቆሞ የነበረ አሮጌ ቲርድሮፕ ገዛሁ። ለማታውቁት፣ ቲርድሮፕ ማለት ከመኪና ኋላ የሚጎተት ትንሽ የመኝታ ሳጥን ነው፤ ከፊት ክብ ብሎ ወደ ኋላ እየሾለ የሚወርድ። ውስጡ ፍራሽ ብቻ ነው የሚይዘው። መቆም የሚባል ነገር የለም፣ ጎንበስ ብሎ መግባት ነው። የኋላ ክዳኑን ወደ ላይ ስታነሱት ደግሞ ወጥ ቤት ይወጣል፦ መደርደሪያ፣ የምድጃ ቦታ፣ የበረዶ ሳጥን ማስቀመጫ። ሻጩ የአባቱ እንደነበር ነግሮኛል። በፈረንጅ 1947 ወይ 48 ነው ይላል። የፋብሪካ ምልክት ምንም የለውም።

ውጪው ሙሉ በሙሉ አልሙኒየም ነው። ግራጫ ሆኗል፣ አንዳንድ ቦታ ተሰርጉዷል፣ ግን አልተቀደደም። ዩቲዩብ ላይ መስታወት አስመስለው ሲያወጡት አይቼ ልቤ ሄዷል።

ጥያቄዬ፦ መጀመሪያ ውጪውን ልወልውለው ወይስ አልሙኒየሙን ገፍፌ እንጨቱን ልይ? እንጨቱን ሳልነካ ማለፍ ብችል ደስ ይለኛል፣ አናጢ አይደለሁም። ውስጡ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ከጣራው በኋላ በኩል ጥቁር የውኃ መስመር ወርዷል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ አይጥ ቤቷን ሠርታበታለች። የመብራቱ ገመድ ተበጣጥሷል። መኪናዬ ራቭ4 ናት።

ላሜሪስቱ፦

ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ። ፖሊሹን ለጊዜው እርሳው።

አዲስ አበባ ገራዥ ውስጥ ላሜራ እየቀጠቀጥኩ ነው ያደግኩት፣ እዚህ ቨርጂኒያም ሥራዬ የመኪና ቦዲ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ተጎታችም እጄ ገብቶ ያውቃል። ሰው ሁሉ የሚያየው አልሙኒየሙን ነው። አልሙኒየሙ ግን ልብስ ነው። ቀጥ አድርጎ ያቆመው የጎኑ ኮምፔንሳቶና ከጣራው ሥር በአግድም የተደረደረው ቀጭን እንጨት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ የተረፈ አልሙኒየም እንደ ልብ ነበር፣ የእጅ ሥራ መጽሔቶችም ፕላኑን ያትሙ ስለነበር ብዙ ሰው ጓሮው ውስጥ ነው የሠራው። ያንተም ምልክት የሌለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ለካው እስቲ። ወደ 4 በ8 ጫማ ከመጣ፣ የአንድ ኮምፔንሳቶ ልክ ነው፤ ሠሪው የገዛውን ሳያባክን ነው የቆረጠው ማለት ነው።

አሁን ቀጭን ካቻቢቴ ያዝና እየወጋህ ሂድ። ከበሩ ሥር፣ ከጎማ መሸፈኛው ዙሪያ፣ ከኋላ ክዳኑ ማጠፊያ ሥር፣ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ። ጤነኛ እንጨት ካቻቢቴውን ይመልሰዋል፣ የበሰበሰው ይውጠዋል። ከዚያ የብሎኖቹን ራስ ተመልከት። የብረት ብሎን አልሙኒየም ላይ ተመትቶ ውኃ ሲያገኝ፣ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። በብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ነገር ካየህ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ውኃውም ከገባ ቆይቷል።

ከዚያ በጀርባህ ተኛና ሻንሲውን እይ። ዝገቱ ላዩን ብቻ ከሆነ ተቦርሾ ይቀባል። ብየዳው ጋ ስንጥቅ ካለ ግን ለበያጅ ስጠው፣ ይሄ በዩቲዩብ አይሠራም። የባሌስትራውን ቅጠሎች አንድ በአንድ እይ። ኩሽኔታዎቹን አውጥተህ እጠባቸው፣ ከተቧጨሩ ቀይር፣ ካልተቧጨሩ አዲስ ግሪስ አጭቃቸው። ጎማው ምንም አዲስ ቢመስል ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ። የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች ሳምንቱና ዓመቱ ናቸው፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ተጎታች ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ነው የሚያረጀው። 6 ዓመት ካለፈው ጣለው።

ጽጌ ሲያትል፦

ጋሽ ላሜሪስቱ ያሉት በሙሉ ትክክል ነው፣ ግን ካቻቢቴ ይዘህ ከመግባትህ በፊት የአይጥ ቤቱን ነገር ልንገርህ። መጥረጊያ እንዳትነካ! በቫኪዩምም አትሳበው። ምዕራብ አሜሪካ ውስጥ፣ ኮሎራዶን ጨምሮ፣ የሜዳ አይጥ ሀንታቫይረስ ትይዛለች፣ የደረቀው ኩስ ሲቦን ነው ሰው ሳንባ የሚገባው። በሽታው ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ ይገድላል። በርና መስኮቱን ከፍተህ ይናፈስ። ጓንቲ አድርግ፣ ጥሩ ማስክም አድርግ። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠህ እስኪረጥብ እርጨው፣ 5 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፣ ከዚያ በወረቀት ሰብስበህ በሁለት ፌስታል ቋጥረህ ጣለው።

ሌላው፣ በዚያ ዘመን ቀለም ውስጥ እርሳስ ይገባ ነበር። የውስጡን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍግ፣ በተለይ ልጆች ካሉህ።

ራቭ4ን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ 1,500 ፓውንድ ነው የሚጎትቱት፣ አንዳንዱ ሞዴል የበለጠ ይችላል፣ የራስህን መጽሐፍ እይ። ድሮ የተሠሩት ቲርድሮፖች ብዙ ጊዜ ከ1,000 ፓውንድ አይበልጡም፣ ስለዚህ ትችላለህ። ግን ሠርተህ ስትጨርስ፣ ውኃውንም ምድጃውንም ጭነህ መዝነው። መኪናህ ላይ የሚያርፈው የአፍንጫው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ አውራ ጎዳና ላይ ጭራው ይወዛወዛል፣ ያኔ እግዜር ነው የሚያወጣህ።

ቡና አፍቃሪ፦

ምንም የምጨምረው ቴክኒካል ነገር የለኝም፣ ግን ያ የኋላ ወጥ ቤት ለረከቦት ነው የተሠራው። ኢስቴስ ፓርክ አካባቢ ዝናብ ሲመጣ ጀበናውን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው 😄

ጽጌ ሲያትል፦

@ቡና አፍቃሪ ቀልድህን ወድጄዋለሁ፣ ግን ይሄን የሚያነብ ሰው በእውነት እንዳያደርገው። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል፣ ይህች ሳጥን ደግሞ ከአንድ አልጋ አትበልጥም። ከሰልም ጋዝም ውስጥ አይለኮስም፣ ለመሞቅም ቢሆን። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በባትሪ የሚሠራ ግዛ፣ ጣራው ላይም የሚከፈት መተንፈሻ ይኑር። ደግሞ በበጋ ኮሎራዶ የእሳት እገዳ ሲያወጣ ከሰል ብዙ ቦታ ክልክል ነው፣ መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። ጀበና በጋዝም ይፈላል።

የአውሮራው፦

እህቴ ጽጌ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ መጥረጊያው እጄ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። እንዳልሽው አጽድቼዋለሁ።

ጋሽ ላሜሪስቱ፣ እንዳሉኝ በካቻቢቴ ወጋሁት። ጎኖቹ ከወገብ በላይ ደህና ናቸው፣ ድንጋይ። ከበሩ ሥር ግን በሁለቱም በኩል ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ፣ ስጎትተው እንደ ቡና አተላ ጥቁር ነገር ይዞ ወጣ። የኋላ ክዳኑ የሚታጠፍበት አግድም እንጨት ደግሞ የለም ቢባል ይቀላል፣ አልሙኒየሙ ባዶ ላይ ነው የተኛው። ነጭ ዱቄቱም አለ፣ ታችኛው ጠርዝ ላይ በየብሎኑ። ሻንሲው ደህና ነው፣ ስንጥቅ አላየሁም።

ሆም ዲፖ ሄጄ መበስበስ የማይነካው አረንጓዴውን እንጨት፣ ለበረንዳ የሚሸጡትን ማለቴ ነው፣ ልግዛ አስቤያለሁ። ዳግም እንዳይበሰብስ። አልሙኒየሙን ደግሞ በጠንካራ ማጣበቂያ ሙሉ በሙሉ እንጨቱ ላይ ልለጥፈው፣ ውኃ መግቢያ እንዳያገኝ። ምን ይላሉ?

ላሜሪስቱ፦

ሁለቱንም ተው!

ያ አረንጓዴ እንጨት መዳብ ያለበት መድኃኒት ጠጥቷል። መዳብና አልሙኒየም እርጥበት ባለበት ከተገናኙ አልሙኒየሙ ያልቃል፣ ከብረት ብሎኑም የባሰ ነው። እንጨቱ ጤነኛ ሆኖ ልብሱ ይበሳል። መድኃኒት ያልነካው፣ ለውጪ የሚሆን ወይም ለጀልባ የሚሠሩበትን ኮምፔንሳቶ ግዛ። ከቆረጥክ በኋላ ጠርዙን በቀጭን ኢፖክሲ አጠጣው፣ እምቢ እስኪል ድረስ። ኮምፔንሳቶ ውኃ የሚጠጣው በፊቱ ሳይሆን በተቆረጠው ጎኑ ነው። አባትየው ያኔ ያንን ጠርዝ ቢቀባው ኖሮ ዛሬ አንተ ይሄን አትጠይቅም ነበር።

ማጣበቂያውን በተመለከተ፣ አልሙኒየም ሙቀት ሲነካው ይለጠጣል። 8 ጫማ ርዝመት ያለው ሉህ፣ በኮሎራዶ የክረምት ሌሊትና በበጋ ፀሐይ መካከል 50 ዲግሪ ሴልሲየስ ልዩነት ብትይዝ፣ ወደ 3 ሚሊሜትር ይረዝማል። እንጨቱ ደግሞ እሱን ተከትሎ አይሄድም። ሙሉ በሙሉ ከለጠፍከው ወይ ያብጣል ወይ ማጣበቂያው ይላቀቃል። ሠሪዎቹ ይሄን ስለሚያውቁ ነው ሉሁን ዝም ብለው አስተኝተው በጠርዙ ባለው የአልሙኒየም ክፈፍ ብቻ ጠፍረው የያዙት። አንተም እንደዚያው አድርግ። ከክፈፉ ሥር ቡቲል ቴፕ፣ ማለትም እንደ ማስቲካ የሚለጠፍ ማሸጊያ፣ አስተኛ፣ ብሎኑን ስታጠብቅ ትርፉ በጎን ይወጣል፣ በፕላስቲክ ቁራጭ ትገፈዋለህ። ሲሊኮን ግን እንዳትነካ። ሲሊኮን ያረፈበት ቦታ ላይ ከዚያ በኋላ ሌላ ማሸጊያም ቀለምም አይይዝም፣ እንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲፍቅ ይውላል። ብሎኖቹን በማይዝግ ብረት ቀይር፣ እያንዳንዱ ከቡቲል ጋር ይግባ።

ታችኛው ጠርዝ ተበልቶ ከጨረሰ ያንን ብቻ ቆርጠህ አዲስ ቁራጭ በሪቬት መቀጠል ትችላለህ። 3003 የሚባለውን አልሙኒየም ጠይቅ፣ ውፍረቱ 0.040 ኢንች፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። 6061 ከሰጡህ መልስላቸው፣ ለዚያ ክብ መታጠፍ ግትር ነው። የተሰረጎደውን ደግሞ እንደ ብረት ላሜራ አትቀጥቅጠው። አልሙኒየም በመዶሻ ሲመታ ቶሎ ይለጠጥና ትርፍ ይሆናል፣ ከዚያ እንደ ቆርቆሮ ጣራ "ቡፍ ቡፍ" ይላል። ሉሁ በወጣበት ጊዜ ከኋላ በጎማ መዶሻ ቀስ እያልክ መልሰው፣ የቀረውን ተወው። ስርጉዱን የሚሞሉበት ስቱኮም አይታሰብም፣ ስቱኮ አያበራም።

ሰነድ አዋቂ፦

ማንም ያላነሳው ነገር፦ ወረቀቱስ? ሻጩ ታይትል፣ የባለቤትነት ወረቀቱን ማለቴ ነው፣ ሰጥቶሃል? ካልሰጠህ እንጨት ከመግዛትህ በፊት እሱን ጨርስ። ከሻጩ የሽያጭ ውል በፊርማ ተቀበል፣ የአባቱን የድሮ ታይትል ከፋይል ውስጥ እንዲፈልግም ለምነው። ካልተገኘ ኮሎራዶ ውስጥ የቦንድ ታይትል የሚባል መንገድ አለ፦ የተጎታቹን መለያ ቁጥር ታስመረምራለህ፣ ግምቱን ታስወጣለህ፣ የግምቱን እጥፍ የሚሸፍን ቦንድ፣ ማለትም ዋስትና፣ ትገዛለህ። እጥፉን ከኪስህ አትከፍልም፣ ለቦንድ ሻጩ ትንሽ ክፍያ ነው። እቤት የተሠራ ከሆነና ቁጥር ከሌለው ግዛቱ ቁጥር ይሰጠዋል። ሻንሲውን ቀለም ከመቀባትህ በፊት ግን የተመታ ቁጥር መኖሩን በደንብ ፈልግ፣ አፍንጫው አካባቢ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ በቀለም ከተሸፈነ ጣጣ ነው።

የአውሮራው፦

ውል አለኝ፣ ታይትል የለኝም። ሰኞ ካውንቲው ቢሮ እሄዳለሁ።

አረንጓዴውን እንጨት አልገዛሁም፣ ጋሼ ያቆዩልኝ። የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው። የኋላ ክዳኑ ማጠፊያ እንደ ፒያኖ ክዳን ያለ ረጅም ማጠፊያ ነው፣ ውኃው በዚያ በኩል እንደገባ ግልጽ ነው። ልመልሰው ወይስ ልቀይረው? ሁለተኛ የመብራቱ ገመድ።

ጽጌ ሲያትል፦

እኔ የድሮውን ማጠፊያ ለትዝታ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ አዲሱን አስገብቻለሁ። አሁን ለቲርድሮፕ ተብሎ የሚሸጥ፣ ሁለቱ አልሙኒየሞች እርስ በርስ ተጠላልፈው የሚታጠፉበት፣ ፒን የሌለው ማጠፊያ አለ፣ ውኃው በላዩ ይፈሳል እንጂ አይገባም። መልኩን የማይወድ ሰው ደግሞ የድሮውን ይመልስና በላዩ ላይ ከጣራው በኩል ብቻ የተያዘ የጎማ ምላስ ያስተኛበታል። ሁለቱም ይሠራል። እንደ እኔ ሲያትል ከሆንክ የመጀመሪያውን እልሃለሁ፣ አንተ ጋ ግን በረዶና ፀሐይ እንጂ እንደኛ ወር ሙሉ ዝናብ የለም፣ የጎማው ምላስ ይበቃሃል። በየጥቂት ዓመቱ ትቀይረዋለህ፣ ፀሐዩ ያደርቀዋል።

ገመዱን ሙሉ በሙሉ አውጥተህ ጣል። የድሮው ምናልባት ለ6 ቮልት ነው የተሠራው፣ አምፖሉን 12 ቮልት ላይ ስትሰካው ፍም ብሎ ይቃጠላል። ባለ አራት ገመድ ጠፍጣፋ ሶኬት ግዛ፦ ነጩ መሬት (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት)፣ ቡናማው የኋላ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን። ነጩን ሻንሲው ላይ ቀለሙን ፍቀህ ንጹሕ ብረት ላይ እሰረው፣ በመጎተቻው ኳስ በኩል ይመለሳል ብለህ አትመን። የድሮውን የመብራት ቤት ካፈቀርከው ውስጡን በኤልኢዲ መቀየር ትችላለህ።

ፖሊሹን ስትደርስበት ደግሞ ጥላ ውስጥ፣ ሉሁ ቀዝቃዛ ሲሆን፣ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ የመሐረብ ያህል ሞክር። አንዳንዱ አልሙኒየም ላዩ ላይ በጣም ቀጭን ንጹሕ ሽፋን አለው፣ በብርጭቆ ወረቀት ከጀመርክ ያንን ፍቀህ ትጥለዋለህ፣ ከዚያ አይመለስም። ስለዚህ ከለስላሳው ፖሊሽ ጀምር፣ ካልሠራ ብቻ ወደ ሸካራው ውረድ። የሚወጣውን ጥቁር ቅባት ደግሞ በጨርቅ ብቻ አትጥረገው፣ ይለጠፋል። ተራ የስንዴ ዱቄት በትነህ ጥረገው፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። የጤፉን ለእንጀራ ተወው፣ በዚህ ዋጋ!