ጥናታችን ጅማ ዙሪያ ተሰራጭቷል፣ ጥናቶች ኦንላይን ስንት ጊዜ እንደተነሱ የሚቆጥረው አልትሜትሪክ ላይ ግን ምንም የለም። ለምን?

ቡና ጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጅማ መምህርት ነኝ። ቡና ሲከማች ስለሚይዘው ሻጋታ አንድ ጽሑፍ አሳትመን ነበር። ማጠቃለያውን የአጋሮና የማና ማኅበራት በቴሌግራም ሲቀባበሉት አይቻለሁ፣ በአፋን ኦሮሞ ሬዲዮ ላይም ተነቧል፣ አንድ አርሶ አደር እንዲያውም ደውሎ «እርጥበቱ ከ12.5 በመቶ አይለፍ ያላችሁትን በምን እንለካው?» ብሎ ጠየቀኝ። አሁን ለሪፖርት የኦንላይን ተደራሽነቱን በቁጥር አምጡ ተባልን። አልትሜትሪክን ብከፍት ባዶ ነው። ሳይቴሽኑም (የጠቀሱት ሌሎች ጥናቶች ብዛት) ገና 1 ነው። ምን ላድርግ?

መጽሐፍ ቤት፦
እህቴ፣ ጥናትሽ ምንም አልጎደለውም። አልትሜትሪክ በዋናነት የሚከታተለው ሊንክን ነው፣ በተለይ ዲኦአይን፣ ማለትም የጽሑፉን ቋሚ የኦንላይን መለያ። ቴሌግራምን አያይም። ሬዲዮንማ ተዪው። ፌስቡክም ቢሆን ይፋዊ ገጾችን እንጂ ግሩፕንና የግል ገጽን አይቆጥርም። እናንተ ደግሞ ፒዲኤፉን ብቻ ነው የላካችሁት መሰለኝ፣ እንደዚያ ከሆነ በምንም መንገድ አያገኘውም። ከአሁን ጀምሮ የምትለጥፉት ማንኛውም ነገር ሥር ዲኦአዩ በሙሉ ሊንክ ይኑር፣ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ። ሜንደሌይ በሚባለው የማጣቀሻ ማስቀመጫ ላይ ስንት ሰው እንዳስቀመጠውም ለብቻው እዪ፣ እሱ አልትሜትሪክ በሚሰጠው ነጥብ ውስጥ አይደመርም ግን ለሪፖርት ይጠቅማል። ጽሑፉ ስኮፐስ በሚባለው የጥናቶች ማውጫ ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ቆጣሪ የሆነውን ፕለምኤክስንም ክፈቺ።

የድሮ መምህር፦
የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ልጄ፣ ቁጥሩን ለማሳደግ ብለሽ ተማሪዎችን ሼር አድርጉ እንዳትዪ። ነጥቡ የሚለካው ትኩረትን ነው፣ ጥራትን አይደለም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው በእ.ኤ.አ. 1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጽሑፍ በእ.ኤ.አ. 2010 ተሰርዟል፣ ሆኖም እስከ ዛሬ ስሙ ይነሳል። ሰው የተቃወመውም የደገፈውም አንድ ላይ ነው የሚቆጠረው። የእንዲህ ዓይነት መለኪያዎች መነሻ መግለጫ የሆነው የአልትሜትሪክስ ማኒፌስቶ በእ.ኤ.አ. 2010 ሲወጣ ሐሳቡ ሳይቴሽን የማያሳየውን ተፅዕኖ ለማየት ነበር፣ ያንቺ አርሶ አደር ስልክ መደወሉ እኮ በትክክል እሱ ነው። እና ሪፖርቱ ላይ ጻፊው! ማን ጠየቀ፣ ከየት ወረዳ፣ ስለ ምን። የሰውየውን ስምና ቁጥር ግን ተዪ።

መጽሐፍ ቤት፦
እስማማለሁ ጋሼ። አንድ ልጨምር፦ የግብርና ጽሕፈት ቤት መመሪያ ላይ ጥናቱ ከተጠቀሰና መመሪያው ኦንላይን ከወጣ ያ ከመቶ ሼር ይበልጣል። ዲኦአዩን ማጣቀሻው ላይ እንዲያስገቡ ጠይቂያቸው።

ቡና ጅማ፦
አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም። አዎ፣ ፒዲኤፉን ብቻ ነበር የላክነው። ማጠቃለያውን ከነዲኦአዩ እንደገና እለቀዋለሁ፣ ሬዲዮ ጣቢያው ደግሞ የተላለፈበትን ቀን በደብዳቤ እንዲሰጠኝ ነገ እጠይቃለሁ። ደብዳቤውን ከሜንደሌዩ ቁጥር ጋር አንድ ሠንጠረዥ ላይ ባደርገው ይቀበሉኛል ትላላችሁ ወይስ ለየብቻ ይሻላል?

የድሮ መምህር፦
ለየብቻ ይሁን። የአየር ላይ ስርጭትን ከኦንላይን ቁጥር ጋር ከቀላቀልሽው ሁለቱንም ይጥሉብሻል።