የባቄላ ቅጠል በጅማቶቹ መካከል እየነጣ ነው፤ የአሲድ ዝናብ ይሆን?

ጥያቄ፦ ማሳው በድንጋይ ከሰል ከሚሠራ የጡብ ምድጃ 300 ሜትር ገደማ ይርቃል። ነፋሱ በአብዛኛው ከምድጃው ወደ ማሳው ነው። ቅጠሉ በጅማቶቹ መካከል ነጥቶ ይደርቃል፤ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ ናቸው። በባልዲ የተጠራቀመ ዝናብ በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ወረቀት ሲለካ 5.5 አሳየ። ኖራ ቢረጭበት ይድናል?

መልስ 1፦ 5.5 ምንም አያረጋግጥም። ንጹሕ ዝናብ እንኳ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበት ፒኤቹ 5.6 ገደማ ነው። ወረቀቱም ለዝናብ አይሆንም፤ ውሃው የሟሟ ጨው ስለሌለው የወረቀቱ ቀለም ራሱ ንባቡን ያዛባል። ደግሞ ከከሰል ጭስ የሚወጣው ጋዝ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ እስኪለወጥ ከሰዓታት እስከ ቀናት ይፈጃል፤ የአሲድ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከምንጩ ርቆ የሚወርደው ለዚህ ነው። በ300 ሜትር የሚጠረጠረው ደረቁ ጋዝ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው።

መልስ 2፦ ምልክቱ ይገጥማል፤ ግን ያጣሩ። ጋዙ በቅጠል ቀዳዳዎች ስለሚገባ ቀን ላይ፣ አየሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉም ውሃ ሲጠግብ ይብሳል። ቀድመው የሚጎዱት ተዘርግተው ያለቁ ቅጠሎች ናቸው። የብረት እጥረት ቢሆን ለጋዎቹ ቢጫ ይሆኑ ነበር፤ የፖታሺየም ቢሆን የአሮጌዎቹ ጠርዝ ይቃጠል ነበር። አረሙንም ይመልከቱ፦ ጉዳቱ በብዙ ዓይነት ተክል ላይ ታይቶ ከምድጃው ሲርቁ ከቀነሰ ጋዙ ነው።

ጠያቂ፦ በእጅ የሚያዝ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሴንሰር 60 ፒፒቢ (ከቢሊዮን የአየር ክፍል 60) አነበበ። ብዙ ነው?

መልስ 3፦ በ25 ዲግሪ 1 ፒፒቢ 2.62 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር ስለሆነ 157 ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ 40 ይላል፤ ያ ግን የ24 ሰዓት አማካይ ነው፣ ከአንድ አፍታ ንባብ ጋር አይወዳደርም። ሴንሰሩንም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከፍ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ዝቅ ያደርጉታል። ጋዙን የሚመጥጡ ቱቦዎችን ከምድጃው አጠገብ፣ ማሳው ላይና ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ለ2 ሳምንት ይስቀሉ፤ አንዱን ሳይከፍቱ ለማነጻጸሪያ ይያዙና ሁሉንም ለላቦራቶሪ ይስጡ። የሚያገኙት አማካይ ብቻ ነው፤ ቅጠል የሚያቃጥለው የአንድ ሰዓት ጡዘት እዚያ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል።

መልስ 2፦ ስለ ኖራው፦ ቅጠል ላይ መርጨቱ ዋጋ የለውም፤ ጋዙን አያስቆምም። ለአፈር ግን፣ ተለክቶ ፒኤቹ ከ5.5 በታች ከሆነ ይጠቅማል፤ አሲዳማ አፈር አሉሚኒየም ይለቅና ሥር ያቀጭጫልና።

መልስ 1፦ ዋናው ከሰሉ ነው። 1 በመቶ ድኝ (ሰልፈር) ያለበት 1 ቶን ከሰል 10 ኪሎ ድኝ ይይዛል፤ ሲቃጠል ከጥቂቱ አመድ ውስጥ ከሚቀረው በስተቀር ወደ 20 ኪሎ ጋዝ ይሆናል። የድኙ መጠን በግማሽ ያነሰ ከሰል ጋዙንም በግማሽ ይቀንሳል። ጭስ ማውጫውን ማስረዘም ጋዙን ወደ ሌላ ሰው ማሳ መላክ ነው። ጭሱን በኖራ ድንጋይ ውሃ ማጠብ ይቻላል፤ ለ64 ኪሎ ጋዝ ቢያንስ 100 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ይፈልጋል፣ የሚተርፈውም ጂፕሰም ነው።