አማቴንና እህታቸውን በፍልሰታ ኦሽን ሲቲ ልወስዳቸው ነው፣ እስቲ ምከሩኝ

የሦስት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ኦሽን ሲቲ ደግሞ እዚያው ሜሪላንድ፣ ውቅያኖሱ ዳር ያለች ከተማ ናት። ልጆቹ 11፣ 8 እና 4 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ዘንድሮ ፈቃድ ያገኘው ከኦገስት 9 እስከ 15 ብቻ ነው፣ ሌላ ሳምንት ቢለምንም አልሆነለትም። በኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 3 እስከ 9 መሆኑ ነው፣ ፍልሰታ መሐል ላይ ማለት ነው። የጾሙን ነገር እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን የአምናውን ልንገራችሁ፣ አለዚያ ጥያቄዬ አይገባችሁም።

አምና አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። «እማማ ባሕር ሳያዩማ አይመለሱም» ብለን በጁላይ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ወደ ኦሽን ሲቲ ተነሳን። ቁርስ ተበላ፣ ቡና እስከ በረካ ተጠጣ፣ ስንወጣ ረፋድ 4 ሰዓት ሆነ። ቤይ ብሪጅ ጋ፣ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ድልድዩ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሐሉ ላይ ደግሞ በጣም ከፍ ይላል። እማማ ታች ያለውን ውሃ አንዴ አዩና ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አድርገው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። በየመሐሉ «አለቀ?» ይላሉ። ያኔ 3 ዓመቷ የነበረችው ትንሿ «ገና ነው እማማ» ትላቸዋለች። «አለቀ?» «ገና ነው እማማ።» እስከ ማዶ እንዲሁ ሄድን።

ቢቹ ላይ ደርሰን ምንጣፍ ዘረጋን፣ የቋንታ ፍርፍሩን ከፈትን። አንድ ትልቅ ነጭ የባሕር ወፍ ከየት መጣ ሳይባል ወርዶ ከልጄ እጅ ላይ ጥቅልሉን ላፍ አደረገው። እማማ ጫማቸውን አንስተው «ይሄ ጭላት እዚህም ድረስ ተከተለን?» እያሉ ሲያባርሩት የሰፈሩ ወፍ ሁሉ ተጠርቶ መጣ። ከዚያ «እስቲ እግሬን ላስነካ» ብለው ወደ ውሃው ሄዱ። እስከ ቁርጭምጭሚት ገቡ፣ አማተቡ፣ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት። ፊታቸው ጭምድድ አለ። «ይሄን ሁሉ ጨው ማን ጨመረበት?» አሉኝ። ያን ጊዜ ማዕበል መጣና አንድ ጫማቸውን ይዞት ሄደ። ባለቤቴ በሱሪው ዘሎ ገባ፣ ዋናተኞችን የሚጠብቀው ላይፍጋርድ ፊሽካውን ነፋ፣ ልጆቹ ጮኹ። ጫማው ትንሽ ዋኝቶ ራሱ ተመልሶ እግራቸው ሥር ዱብ አለ። እማማ አንስተው አራገፉትና «ባለቤቱን አወቀ» አሉ። ሰው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሳቅን።

ማታ ደግሞ ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ቡና ቆሉ፣ ዕጣን አጨሱ። የጭስ አላርሙ ጮኸና ፎቁ በሙሉ ፒጃማውን እንደለበሰ ፓርኪንግ ላይ ወጣ። ሁላችንም ስንሸማቀቅ እማማ ግን ጀበናቸውን እንደያዙ ነው የወጡት። «ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ሳይቀምስ አይመለስም» ብለው እዚያው ቆመው መቅዳት ጀመሩ። አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ሦስት ስኒ ጠጡ። ሲመለሱ እማማን አቅፈው ሳሟቸው።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ በሃይላንድ የባሕር ውሃ ሞልተው ሻንጣ ውስጥ ከተቱ፣ «ጎረቤቶቼ ቀምሰው ይመኑ» ብለው።

አሁን ዘንድሮ ታላቅ እህታቸውን እቴቴን ይዘው መጥተዋል። ሁለቱም ፍልሰታን አጥብቀው ይጾማሉ፣ ትልቁ ልጄም አብሯቸው ሊጾም ቆርጧል። እቴቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አሸዋ ላይ መራመድ የሚችሉ አይመስለኝም። ቅዳሴ መቅረትም ከብዷቸዋል። ግን ደግሞ ማታ ማታ «ውሃው በእውነት እስከ ሰማይ ይደርሳል?» ብለው ለብቻዬ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ቤት ጥለናቸው መሄድ የሚባል ነገር የለም። መቼ እንውጣ፣ የት እንረፍ፣ ምን ይብሉ፣ ቡናውንስ እንዴት አድርገን? የሄዳችሁበት ንገሩኝ።

ባለ ሚኒቫኑ፦

እህቴ፣ ጫማው ጋ ስደርስ ባለቤቴን ጠርቼ አስነበብኳት፣ ሁለታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በአሜሪካኑ በጋ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያን ድልድይ መሻገር የሚባል ነገር እርሽው። አርብ ከሰዓትም ያው ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በአሜሪካኑ 4 ሰዓት ላይ ልጆቹን ከነብርድ ልብሳቸው ተሸክማችሁ መኪና ውስጥ አስገቡ። መንገዱ ካልተዘጋ ከናንተ ሰፈር 3 ሰዓት ገደማ ነው። እናቶቹም ድልድዩን በጨለማ ስለሚሻገሩት ታች ያለውን ውሃ አያዩትም፣ ኪዳናቸውን እያደረሱ ይሻገራሉ። የድልድዩ ክፍያ ስትሄዱ ብቻ ነው፣ ስትመለሱ የለም።

አንዳንድ ሰው «ምን አደከመሽ፣ ድልድዩ ሥር ያለው ሳንዲ ፖይንት ይበቃል» ይልሽ ይሆናል። አትስሚ። እሱ ባሕረ ሰላጤው ነው እንጂ ውቅያኖሱ አይደለም፣ ማዶው ይታያል። «እስከ ሰማይ ይደርሳል?» ላሉ እናት ማዶው የሚታይ ውሃ አይወሰድላቸውም። በዚያ ላይ በጁላይና በኦገስት ጄሊፊሽ ይበዛበታል፣ የኔን ልጅ እግሩን ለብልቦት ሌሊቱን ሙሉ አልተኛንም።

ለእቴቴ ጉልበት ቦርድዎክ አጠገብ እረፉ። ከኢንሌቱ፣ ማለትም ባሕሩ ወደ ውስጥ ከሚገባበት ሰርጥ፣ እስከ 27ኛ መንገድ ድረስ እንጨት የተነጠፈ ሜዳ መንገድ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ መደገፊያቸው ይገለበጣል፤ ወደ ባሕሩም ወደ ሰውም ዞሮ መቀመጥ ይቻላል። ውሃው ድረስ መድረስ ከፈለጉ ደግሞ ጎማው ወፋፍራም የሆነ፣ አሸዋ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበር ላይፍጋርዶቹ በነጻ ያውሳሉ። ቀድሞ ለመጣ ነው፣ ስለዚህ በጠዋት ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ላይፍጋርዶቹ የሚቀመጡት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ ያው 10 ኤኤም እስከ 5፡30። እነሱ ከሄዱ በኋላ ልጆቹን ውሃ ውስጥ አታስገቢ። ለ11 ዓመቱ ልጅሽ ደግሞ ይሄን ከአሁኑ አስተምሪው፦ ውሃው ወደ ውስጥ ከጎተተው ፊት ለፊት አይታገለው፣ በባሕሩ ዳርና ዳር ጎን ለጎን ይዋኝና ሲለቀው ይውጣ። እኔ ይሄን ያወቅኩት ወንድሜ ሊወሰድብኝ ሲል ነው። ያን ቀን አልረሳውም።

ሽሮ በየሄድኩበት፦

የምግቡን ለኔ ተዪው 😄

ሆቴል ሳይሆን ማድቤት ያለው ኮንዶ ተከራዩ። ከቦርድዎኩ ትንሽ ብትርቁም በዋናው መንገድ አውቶቡስ አለ። ለሰባት ሰው የሆቴል ሁለት ክፍል ከመያዝ አይብስም፣ እናቶቹም ሽሯቸውን በገዛ እጃቸው ያንተከትካሉ። እንጀራውን ከቤት ያዢ፣ እዚያ አገኛለሁ ብለሽ አትመኚ። በየቀኑ የሚበላውን ለየብቻ በፌስታል አድርገሽ ፍሪዘር ክተቺው፣ በኩለር (በማቀዝቀዣ ሳጥን) ይዘሽ ሂጂና ማታ ማታ የነገውን አውጪ። በሶ፣ ቆሎ፣ ተልባ፣ የሱፍ ዱቄት አይለይሽ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ እናቶቹ ጠዋት ወጥተው ፀሐይ ሳትከር ይመለሱ፣ ከሰዓት አረፍ ይበሉ፣ ከበሉ በኋላ አመሻሹ ላይ እንደገና ይውጡ። ውሃ ሳይጠጡ ቀትር ላይ አሸዋ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም።

ልጆቹ ቺፕስ ሲሉሽ ደግሞ አትጨነቂ። ቦርድዎኩ ላይ ትራሸርስ የሚባል፣ ከ1929 ጀምሮ የድንች ጥብስ ብቻ የሚሸጥ ቤት አለ። ድንቹ የሚጠበሰው በኦቾሎኒ ዘይት ነው፣ የሚጨመርበት ጨውና ኮምጣጤ ነው፣ ኬቻፕ አይሰጡም። የለየለት የጾም ምግብ ነው! እናቴ አንዴ ቀምሳ «ይሄ ሰውዬ ክርስቲያን መሆን አለበት» ብላኛለች። ስትገዢ ግን ጣሪያ ሥር ቆመሽ ብይ፣ ወፎቹ ያን የድንች ባልዲ አሳምረው ያውቁታል።

ቡናውን ቤት ቆልተሽ ፈጭተሽ በጥብቅ ዕቃ ያዢ። ማፍላቱ አላርም አያስነሳም፣ መቁላቱና ዕጣኑ ነው። እማማ «ያልተቆላበት ቡና ምኑ ቡና ነው» ካሉሽ ቤት ስትቆሊ ጭሱን አሽትቻቸው፣ ከዚያ ጉዞ።

የላንጋኖ ልጅ፦

አሳቲግ ደሴትን እንዳትረሺ!! ከኦሽን ሲቲ በመኪና ቅርብ ነው። ፈረሶች ቢቹ ላይ እንደፈለጉ ይዘዋወራሉ፣ ጌታ የላቸውም። የደብረ ብርሃን እናቶች ፈረስ ከነሱ በላይ ማን ያውቃል፣ አያቴን ስወስዳት «ይሄ ጥርሱ ሲታይ ሽማግሌ ነው፣ ያኛው ገና ጫና አያውቅም» እያለች ስታስረዳን ዋለች። ግን ከ12 ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብ ክልክል ነው፣ ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉ። ኩለር ከፍተው ምግብ ይወስዳሉ፣ ስለዚህ በሶው መኪና ውስጥ ይቆለፍበት። ደሴቱ ድሮ ከኦሽን ሲቲ ጋር አንድ ነበር፣ በኦገስት 1933 ከባድ አውሎ ነፋስ መጥቶ ነው መሐሉን ቆርጦ ኢንሌቱን የከፈተው።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። አማትን እንዲህ የሚያስብ ሲገኝ ደስ ይላል።

እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበርኩ። እናቴ ከጎጃም ልትጠይቀኝ መጣች። ከአሥመራ ምጽዋ 115 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ከ2300 ሜትር ከፍታ ተነስተሽ ባሕር ወለል ላይ ነው የምትደርሺው። እሷ በደጋ ጋቢዋ ነበር የወረደችው፣ ሙቀቱ መንገድ ላይ አንድ አንድ እያለ አስወለቃት። በመጀመሪያው ቀን በቀትር ጉርጉሱም የሚባለው ባሕር ዳርቻ ወሰድኳት። እኔ ቸኩዬ «እዪ፣ ግቢ፣ ቅመሺ» እላለሁ፣ እሷ ደግሞ ፀሐዩ አቃጥሏት «መልሰኝ» ትላለች። አዝኜ መለስኳት። በማግስቱ ሳልነግራት ጎህ ሳይቀድ ብቻዋን ተነስታ ወጥታለች። ስፈልጋት ዳር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፀሐይ ከውሃው ውስጥ እየወጣች ነበር። ምንም አላለችኝም፣ አጠገቧ ያለውን አሸዋ በእጇ ደልደል አድርጋ «ተቀመጥ» አለችኝ። ብዙ ቆየን። ከዚያ ወዲህ አብሬያት እንደዚያ የተቀመጥኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ኦሽን ሲቲም ባሕሩ በምሥራቅ ነው። እናቶች ሲጸልዩ ወደ ምሥራቅ ይዞራሉ። በጠዋት አውጥተሽ አግዳሚው ላይ አስቀምጫቸው፣ ውዳሴ ማርያማቸውን ፊታቸውን ወደ ውሃው አድርገው ይድገሙ። ልጆቹም ይቀመጡ። «ቅመሱ፣ ግቡ» አትበያቸው፣ ሲፈልጉ ይነሳሉ። በጾም ባሕር መግባት ይቻላል ወይ ካሉሽ ደግሞ እኛን አትጠይቂ፣ ንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ።

የሦስት ልጆች እናት፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የርስዎን ለእማማና ለእቴቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እቴቴ «አሸዋውን ደልደል አድርጋ» የሚለው ጋ ስደርስ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

ከ23ኛ መንገድ አካባቢ ማድቤት ያለው ኮንዶ ይዘናል። ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንወጣለን፣ ባለቤቴ አልተስማማም ነበር፣ የድልድዩን ሲያስታውስ ተስማማ። ቅዳሜ ማታ እንመለሳለን፣ እሁድ ሁላችንም ቅዳሴ እንገባለን። እማማ ደብረ ብርሃን ደውለው ንስሐ አባታቸውን ጠየቁ። ስልኩ ላውድ ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን፦ «እሱ ውሃ ይጠጣል?» አሉ አባ። «ኧረ አባቴ፣ ጨው ነው፣ አይጠጣም» አሉ እማማ። «እንግዲያው ጾሙ በምን ይፈርሳል? ብቻ እንዳይወድቁ» አሉ።

እማማ ትናንት ራሳቸው ሱቅ ገብተው ማሰሪያ ያለው ጫማ ገዝተዋል፣ ሻጩ ፊት ሦስት ጊዜ እግራቸውን አራግፈው ሞከሩት። እቴቴ ደግሞ ከአሁኑ ሁለት ባዶ ሃይላንድ አጥበው መስኮቱ ሥር ዘቅዝቀው አድርቀዋል።