ቾሪፓን ቤት ውስጥ፦ ቋሊማው ይፈነዳል፣ ቺሚቹሪው ይመራል

ጥያቄ (ፉርኖ በቋሊማ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የአርጀንቲናውን ቾሪፓን (በፍም የተጠበሰ ቋሊማ በዳቦ) ቤት ውስጥ በትክክል መሥራት እፈልጋለሁ። ቋሊማው የግድ የበሬ ብቻ ነው፤ የአሳማ ሥጋ ቤታችን አይገባም። እስካሁን ያልተፈቱት ችግሮች እነዚህ ናቸው፦

ቋሊማው ከሰል ላይ እንደወጣ ቆዳው ይፈነዳል። ውጩ ይጠቁራል፣ መሀሉ ግን ገና ቀይ ነው። እስኪበስል ሲቆይ ደግሞ ይደርቅና ሲቆረጥ ይፈረፈራል። የሥጋው ድብልቅ 1 ኪሎ ቀይ ሥጋ፣ ጥቂት ሞራ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ነው።

ቺሚቹሪው (ቋሊማው ላይ የሚደረገው የቅጠል ድልህ) 1 እስር ፐርሰሜሎ፣ 5 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይትና አቼቶ ሆኖ ሁሉም አንድ ላይ ብሌንደር ውስጥ የሚፈጭ ነው። ይመራል፤ በማግስቱም ቀለሙ ወደ ቡኒ ይሄዳል።

የቱ ጋ ነው ስሕተቱ?

መልስ 1 (ፍምና ፍርግርግ)

ከእሳቱ ልጀምር፤ የፈነዳውም የጠቆረውም በእሱ ነው። ቆዳው የሚፈነዳው ውስጥ ያለው ውሃ ባንዴ ወደ እንፋሎት ተለውጦ መውጫ ሲያጣ ነው። አርጀንቲናዎች ቾሪሶን (የቾሪፓኑን ቋሊማ) በነበልባል አይጠብሱም፤ በፍም፣ ያውም በዝግታ ነው። ከሰሉን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀድመው ያቀጣጥሉና ሙሉ ለሙሉ አመድ እስኪለብስ ይጠብቁ። ፍሙን በስሱ ይዘርጉት፤ ከምድጃው አንድ ሦስተኛው ባዶ ይሁን። ስብ ተንጠባጥቦ ነበልባል ሲነሣ ቋሊማውን የሚያሸሹት ወደዚያ ነው። ፍርግርጉ ከፍሙ 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። መዳፍዎን በፍርግርጉ ከፍታ ይዘው ከ6 እስከ 7 ሰከንድ መታገሥ ከቻሉ ሙቀቱ ልክ ነው። 3 ላይ እጅዎ ከሸሸ ገና በጣም ሞቃት ነው፤ ይጠብቁ።

እንዳይፈነዳ ብለው በሹካ አይውጉት። በየቀዳዳው የሚወጣው ስብ ነው፤ ስቡ ሲወጣ ሥጋው ይደርቃል፣ የተንጠባጠበው ደግሞ ነበልባል ይቀሰቅሳል። ሲያገላብጡም መቆንጠጫ ይጠቀሙ።

3 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቋሊማ በዚህ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በበግ አንጀት የተሞላ ቀጭን ከሆነ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። የመሀሉ ሙቀት 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ለብ ለብ ክትፎ የለመደ ሰው እዚህ ላይ እንዳይሳሳት እለምናለሁ፦ ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቋሊማው ደግሞ ተሞልቶ ያድራል። ስለዚህ መሀሉ ቀይ የሆነ ቋሊማ አይበላም።

የሚፈረፈርበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ አቼቶው። አሲድ ሥጋውን ጥሬውን «ያበስለዋል»፣ ከዚያ በኋላ እርስ በርሱ አይያያዝም። ከድብልቁ ያውጡት። ሁለተኛ፣ «ጥቂት ሞራ» አይበቃም፤ ከጠቅላላው 30 በመቶው ስብ ይሁን። እሱም ሞራ ባይሆን ይሻላል፤ ሞራ ቶሎ ይረጋል፣ ቋሊማው ትንሽ ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። የፍርምባ ስብ ለስላሳ ነው። ሦስተኛ፣ ሥጋው ሞቆ ነው የሚታሸው።

ለ1 ኪሎ ልክ ይኸው፦ 700 ግራም የወርች ቀይ ሥጋ፣ 300 ግራም የፍርምባ ስብ፣ 17 ግራም ጨው፣ 3 ግራም ቁንዶ በርበሬ፣ 5 ግራም ፓፕሪካ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ገውዝ፣ 3 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ በ60 ሚሊ ሊትር ነጭ ወይን ጠጅ የተዘፈዘፈ። ወይን የማይጠቀም ቤት በረዶ የመሰለ ቀዝቃዛ ውሃ ያድርግ። ሥጋውንና ስቡን ቆራርጠው፣ ከመፍጫው ብረት ጋር፣ ፍሪዘር ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያስቀምጡ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትልቁ ቀዳዳ ይፍጩ። ከዚያ ጨውና ቅመሙን ጨምረው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጠንከር አድርገው ይሹት። ትንሽ ቆንጥረው መዳፍ ላይ ይለጥፉና መዳፉን ይገልብጡ፤ ካልወደቀ ደርሷል። ከወደቀ ጨው ከሥጋው ፕሮቲን ገና አላወጣም፣ ይቀጥሉ። ስቡ እጅዎ ላይ መቅለጥ ከጀመረ ግን ያቁሙና መልሰው ያቀዝቅዙት።

ከመሙላትዎ በፊት አንድ ማንኪያ ጠብሰው ይቅመሱ። ከተሞላ በኋላ ጨው ማስተካከል አይቻልም። የተሞላውን ሳይሸፍኑ ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት፤ ቆዳው ሲደርቅ እሳት ላይ ጠንካራ ይሆናል፣ ቀለሙም ያምራል።

መልስ 2 (ሙቀጫ)

የእሳቱን ነገር ከላይ ያለው ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ቺሚቹሪው።

መራራነቱ ከብሌንደሩ ነው። የወይራ ዘይት በኃይል ሲመታ መራራ ጣዕሙ ይወጣል፤ የፐርሰሜሎው ግንድም አብሮ ሲፈጭ የሣር ጣዕም ይሰጣል። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ፣ በደቀቀ ቁጥር ይበልጥ ይከረክራል። ቺሚቹሪ በቢላዋ የሚከተፍ ነው፤ ማንኪያ ላይ ሲነሣ ቅጠሉና ዘይቱ ተለይተው መታየት አለባቸው። ዘይቱም የግድ የወይራ አይደለም፣ አርጀንቲና ውስጥ የሱፍ ዘይት የተለመደ ነው፤ ለቅጠሉ ጣዕም ቦታ ይለቃል።

ለ6 ሰው፦ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው በ4 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ይሟሟ። 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ኦሬጋኖና 1 የሾርባ ማንኪያ ሻካራ የተወቀጠ ቀይ ቃሪያ እዚያው ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይዘፍዘፉ። ደረቅ ቅመም በቀጥታ ዘይት ውስጥ ከገባ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል፣ ጥርስ ላይም ይንኮሻኮሻል። ከዚያ 4 ፍልቃቂ በቢላዋ የደቀቀ ነጭ ሽንኩርትና 60 ሚሊ ሊትር የቀይ ወይን አቼቶ ይግቡ፤ 10 ደቂቃ ይቆይ። አቼቶው የሽንኩርቱን ክርክር ያበርድለታል። 120 ሚሊ ሊትር ዘይት ይከተላል። ፐርሰሜሎው መጨረሻ ነው።

ስለ ቃሪያው አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። የአርጀንቲናዎቹ የተወቀጠ ቀይ ቃሪያ፣ «አሂ ሞሊዶ»፣ ለዘብ ያለ ነው። በሚጥሚጣ ከተተካ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። የተዘጋጀ በርበሬ ከሆነ ደግሞ ኮረሪማውና ቅመሙ ወጡን ያስታውሳል እንጂ ቺሚቹሪን አይደለም። ያልተቀመመ የበርበሬ ዛላ ፍሬውን አራግፈው ሙቀጫ ውስጥ ሻካራ አድርገው ቢወቅጡት በጣም ይቀርበዋል።

ቡኒ የሚሆነው አሲድ የቅጠሉን አረንጓዴ ስለሚያጠፋው ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ግን ለዓይን አያምርም። መሠረቱን (ከፐርሰሜሎ በስተቀር ያለውን) ከአንድ ቀን በፊት ያዘጋጁ፤ ጣዕሙም ይዋሐዳል። ፐርሰሜሎውን ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ ከመቅረቡ ከ30 ደቂቃ በፊት ከትፈው ይጨምሩ። ዘይት ውስጥ ያለ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ውጭ አያድርም፤ ፍሪጅ ይግባ፣ በ4 ቀን ውስጥም ይለቅ።

የድንብላል ቅጠል የሚጨምሩ አሉ። ጣፋጭ ድልህ ሊወጣው ይችላል፣ ቺሚቹሪ ግን አይባልም።

መልስ 3 (ሰሜን ዳቦ)

ስለ ዳቦው ማንም አላነሣም። ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ፣ ውስጡ ቀላል የሆነ ፉርኖ ወይም አጭር ባጌት ይሁን። ለስላሳ የበርገር ዳቦ ቺሚቹሪውን ጠጥቶ ይበጣጠሳል። በአንድ ጎን ብቻ ይሰንጠቅ፤ ሌላው ጎን እንደ መጽሐፍ ይያያዝ። ውስጡ ፍርግርጉ ዳር ለ1 ደቂቃ ይሞቅ፤ የተጠበሰው ገጽ ድልሁን ቶሎ አያሳልፍም።

ቋሊማው ሊደርስ ሲል፣ መሀሉ 65 ዲግሪ አካባቢ ላይ፣ በቁመቱ ይሰንጠቁት፤ ግን ጨርሶ አይለይ። እንደ ቢራቢሮ ከፍተው የተቆረጠውን ፊት ወደ ፍሙ ለ2 ደቂቃ ይድፉት። አርጀንቲናዎች «ማሪፖሳ» ይሉታል፣ ቢራቢሮ ማለት ነው። ዳቦው ላይ ጠፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ቺሚቹሪውም አይንሸራተትም። ገና ጥሬውን ከከፈቱት ግን ስቡ በሙሉ ወደ ከሰሉ ይሄዳል።

መልስ 4 (ማንጋል)

ውጭ አገር ላላችሁና ገዝታችሁ ለምትሠሩ፦ «ቾሪሶ» የሚለውን ስም ብቻ አይታችሁ አታንሡ። የስፔኑ ብዙውን ጊዜ የደረቀና በፓፕሪካ የቀላ ነው፣ ተቆራርጦ ይበላል እንጂ ለዚህ አይሆንም። የሜክሲኮው ጥሬ ነው፤ ግን አቼቶና ቃሪያ የበዛበት፣ መጥበሻ ላይ የሚፈረፈር። የምትፈልጉት ጥሬ፣ ያልታጠነ፣ «ክሪዮሎ» ወይም «አርጀንቲና» የሚል ነው። ብዙው አሳማ ስላለበት ጽሑፉን አንብቡ። እስራኤል ላላችሁ ቀላል ነው፣ የበሬ ኮሸር ቾሪሶ ይሸጣል።

ጠያቂ (ፉርኖ በቋሊማ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። ሁለት ነገር ብቻ፦ አንጀት ባይገኝስ? ዝናብ ሆኖ ከሰል ማያያዝ ባይቻልስ?

መልስ 5 (ፍምና ፍርግርግ)

አንጀት ከሌለ ያንኑ ድብልቅ በእርጥብ እጅ 120 ግራም እየመዘኑ፣ 14 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ ትንሽ ጠፍጠፍ አድርገው ያድቦልቡሉት። ፍሪጅ ውስጥ 2 ሰዓት ይቆይ። ፍርግርጉ በዘይት ይቀባ፣ ቋሊማውም ከታች ቅርፊት እስኪይዝ 4 ደቂቃ አይነካ። ቀድሞ የተነካ ይሰበራል።

ለጋዝ ምድጃ፦ አንጀት ያለውን ቋሊማ በወፍራም ብረት መጥበሻ፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ይጣዱት። እሳቱ ዝቅ ይበል። ውሃው ተኖ ሲያልቅ ወደ 15 ደቂቃ ይሆናል፤ ቋሊማው የለቀቀው ስብ መጥበሻው ላይ ይቀራል፣ በእሱ ላይ እያገላበጡ ለ6 ደቂቃ ያቅሉት። የከሰሉ ጭስ አይኖረውም፣ ቆዳው ግን አይፈነዳም። ይህ ዘዴ አንጀት ለሌለው አይሆንም፤ ውሃው ያፈርሰዋል፣ እሱን በደረቅ መጥበሻ ብቻ።