በ40 ዓመት ስኪ ይለመዳል ወይ? ላልሽው

ሰላም ለሁላችሁ። ለጥምቀት ጎንደር መጥቼ ነው መልሱ የዘገየው። እህታችን ስለ ስኪ፣ ማለት ረጃጅም ቀጫጭን ጣውላ መሰል ነገር እግር ላይ አስሮ በረዶ ላይ ስለ መንሸራተት፣ «ልጆቼ ቁልቁል ሲበሩ እኔ አንዴ ሞክሬ ወድቄ፣ አሁን ካፌ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። በ40 ዓመት ይለመዳል ወይ?» ብላ ነበር። ይለመዳል። እኔ ካናዳ፣ ካልጋሪ ስጀምር 43 ዓመቴ ነበር።

መጀመሪያ የሚያስተምሩሽ «ፒዛ» ነው። የስኪዎቹን ጫፍ ከፊት ታቀራርቢና ኋላቸውን ትከፍቻለሽ፤ ፍጥነቱን ይይዝልሻል። እሱ በአንድ ቀን ይገባል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁለቱን ስኪ ጎን ለጎን አድርጎ መታጠፍ፣ ፓራለል ተርን የሚሉት። እኔን አንድ ሙሉ ዊንተር ፈጀብኝ። ለምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ግን ከትናንት ወዲያ፣ እዚሁ ጎንደር ነው።

ከወንድሜ ልጅ ጋር ከጎሃ ኮረብታ በአቋራጭ ስንወርድ ኮረቱ ያንሸራትታል። ሳላስበው ወደ ኋላ ዘንበል ብዬ ተረከዜን እየቸከልኩ እወርዳለሁ። ልጁም እንደዚያው። ቁልቁለት ላይ ያደገ ሰው አወራረዱ ይሄው ነው፤ ጠጠር ላይም ያዋጣል። ስኪ ላይ ግን የሚጥልሽ እሱ ነው። ወደ ኋላ ስትይ የስኪው ፊት ይቀልና በረዶውን አይነክስም። ዙር ብትዪው እምቢ ብሎ ይዞሽ ይነጉዳል። ጉልበትሽን ሰበር አድርጊ፣ ቅልጥምሽ የጫማውን ምላስ ይግፋ። ገደሉን እያዩ ወደ ገደሉ ማዘንበል! እኔም አላመንኩም ነበር።

ሌላው ክብደት ነው። ወደ ግራ ስትዞሪ ቀኝ እግርሽ ላይ ቁሚ፣ ወደ ቀኝ ሲሆን ግራው ላይ። የውጪው እግር ከተሸከመሽ የውስጡ ይቀልና ራሱ ተከትሎ ይመጣል። በግድ አታገጣጥሚያቸው። እኔ እንደዚያ ሳደርግ ስኪዎቹ ተደራርበው በፊቴ ተደፍቻለሁ፣ ያውም ሰው ወደ ላይ የሚያወጣው ወንበር ሊፍት ላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ እያየ። ለጀማሪ የሚሆን፣ አረንጓዴ ምልክት ያለበት፣ ሰፋ ያለ መውረጃ ላይ ተለማመጂ።

ትከሻ ደግሞ ዝም ይላል፤ የሚዞረው እግር ነው። አስተማሪዬ «ትከሻህን አታንቀሳቅስ» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ለጎንደር ልጅ!

ጫማ ስትከራዪ አንድ ስስ ካልሲ ይበቃል። እኔ ብርዱን ፈርቼ ሁለት ደርቤ፣ ጫማው አንቆኝ እግሬ ደንዝዞ ዋለ።

«ይሄ የእኛ ነገር አይደለም» የሚልሽ ካለ ሮቤል ተክለማርያምን ጥሪለት። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። የእሱ እንኳ ቁልቁል የሚወረደው ሳይሆን ረጅም ርቀት የሚኬድበት ስኪ ነው። ሳንባ ይጠይቃል።

— ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እኮ ካልሲውን ሦስት ነበር የደረብኩት! ቅዳሜ እሞክራለሁ። በርበሬ ይዘህልን ና እንግዲህ።

— ተፈጭቷል። ሻንጣው ኪሎ ከተረፈው።