«ምስክር» የሚለው ቃል ይገባዋል?

የማርቆሱ፦ ትናንት በከተማችን በተካሄደው የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ ላይ ተናጋሪው ሮናልድ ሄበርሊን «እውነተኛ ምስክር» ብለው ሲያወድሱት አዳራሹ በሙሉ ማጨብጨቡ አናዶኛል። መጋቢት 7 ቀን 1960 ዓ.ም. የአሜሪካ ወታደሮች «ሚ ላይ» በተባለች የቬትናም መንደር ሴቶችንና ሕፃናትን ሲፈጁ የሠራዊቱ ፎቶ አንሺ ሆኖ አብሯቸው ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎቹን ለአለቆቹ አስረክቦ፣ በግል ካሜራው ያነሣቸውን ባለ ቀለሞች ይዞ ከዓመት በላይ ዝም አለ።

የቡሬዋ፦ ጋሼ፣ እነዚያንም አስረክቦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ፎቶ ይኖር ነበር? ሠራዊቱ እኮ «128 ጠላት ገደልን» ብሎ ነበር የዘገበው። ያ ሐሰት ራቁቱን የቀረው ፎቶዎቹ በኅዳር 1962 ዓ.ም. ክሊቭላንድ ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ ሲወጡ ነው።

የሞጣው፦ እኅቴ፣ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። ምርመራውን ያስጀመረው ራይደንአወር የተባለ ወታደር በ1961 ዓ.ም. ለባለሥልጣናት የላከው ደብዳቤ ነው፤ እሱም ከጓደኞቹ ሰማ እንጂ በቦታው አልነበረም። ያላየው ጻፈ፣ ያየው ዝም አለ። ምስክርዎ ይህ ነው እንግዲህ!

የቡሬዋ፦ «ምስክርዎ» አይበሉኝ፤ ቃሉ የተናጋሪው ነው። ደብዳቤ ግን ይካዳል። ጣሊያን በአባቶቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው ስንት አርበኛ እየተናገረ ካለፈ በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. አይደለም?

የማርቆሱ፦ በጋዝ የቆሰሉት ሰዎች ፎቶ ያኔም ነበረ፤ ክህደቱን አላስቀረም። ደግሞም ሄበርሊ ወታደሮቹ ሲገድሉ የሚያሳዩትን ፎቶዎች ማጥፋቱን ኋላ ራሱ አምኗል። ያየውን ከፍሎ የሚናገር ሰው በአባቶቻችን ችሎት ምስክር ይባል ነበር?

የባሕር ዳሩ፦ ካሜራ ብቻ የያዘ ሰው በዚያ ሁሉ ጠመንጃ መካከል ምን እንዲያደርግ ነው የምትፈልጉት?

የሞጣው፦ አሜሪካዊው አብራሪ ሂዩ ቶምሰን በዚያው ቀን ያደረገውን! ሄሊኮፕተሩን በወታደሮቹና በመንደርተኞቹ መካከል አሳርፎ ሰው አትርፏል።

የባሕር ዳሩ፦ ቶምሰን መትረየስ የያዙ ባልደረቦች ነበሩት፤ አያመሳስሉ። ለነገሩ ፎቶውም ደብዳቤውም ኖሮ የተፈረደበት ገዳዮቹን የመራው መኮንን ካሊ ብቻ ነው፤ እሱም ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ጥቂት ዓመት እንኳ በወጉ አልታሰረም። ንዴታችሁን ወደዚያ ብታዞሩት ይሻላል።

የቡሬዋ፦ በመንደሩ መታሰቢያ ላይ 504 ስሞች ተጽፈዋል። የብዙዎቹን የመጨረሻ ሰዓት ዓለም ያየው በዚሁ ሰው ፎቶ ነው። ጋሼ፣ ለቀጣዩ ዐውደ ርዕይ «ምስክር» የሚለውን ሰርዘው ምን ሊጽፉ ነው?

የማርቆሱ፦ «ፎቶ አንሺ»።